ከመረቡ ጀርባ

እሁድ፣ ጥር 5

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «ለእኔ የማትነግረኝን ለእሱ ንገረው፤ እሱ ቢያንስ አይመልስልህም» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ሳምንት ሙሉ አየሁት፣ አየኝ። ዛሬ ተሸነፍንና ከፈትኩት።

ሁለት ለአንድ። የመጀመሪያዋን ማንም በረኛ አይይዛትም። ሁለተኛዋን ግን ድሮ ቢሆን ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢመቱብኝም እይዛት ነበር። ወደ ግራ ወደቅሁ፤ ወድቄ ስጨርስ ኳሷ መረቡ ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች። ከኋላ አንዱ «በረኛ! በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሌላ በረኛ ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አምስት ክለብ ቀያይሬአለሁ፤ አንድም ዋንጫ አላነሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ነክቻለሁ፤ ያሸነፈን ቡድን አምበል የጫማውን ክር ሊያስር ሲጎነበስ «ያዝልኝ» ብሎኝ። ዋንጫውን የያዝኩበት ፎቶግራፍ አለ። አባዬ የግራና የቀኙን ሰው በመቀስ ቆርጦ አስወጥቶ፣ እኔንና ዋንጫውን ብቻ አስቀርቶ አልጋው ራስጌ ለጥፎታል። እንግዳ ሲመጣ አይዋሽም፤ ዝም ብሎ ያሳያል።

አባዬ ዛሬም መጥቶ ነበር። የሚኖረው ከእኛው ጋር ነው፣ የምንጫወተውም ለቤታችን ቅርብ ነው። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከእኔ መረብ ጀርባ፣ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ነው። በዕረፍት ሰዓት ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እሱም ሜዳውን ዞሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይመጣል። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ሾፌርነት ስለጨረሰ ያችን ዙሪያ «መስመሬ» ነው የሚላት። ዛሬ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ዞር ስል ቦታው ላይ አልነበረም። ቆይቶ መጣ፤ የብረት አጥሩን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተቀመጠ። በር ላይ ያሉት ልጆች አዘግይተውት ይሆናል። አንዳንዴ ትኬት ካላየን ይላሉ።

ቤት ስንገባ ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ፍሬንህ ትንሽ ዘግይቷል» ብቻ አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ወቀሳ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 7

ጉልበቴ አብጧል። የቡድናችን ወጌሻ እያሸኝ «ይሄ ጉልበት የጡረታ ማመልከቻውን ካስገባ ቆየ፤ አልፈርምም ያልከው አንተ ነህ» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ።

ጋሼ ነው የሚሉኝ። ጋሼ ይለፉ፣ ጋሼ ይቀመጡ። ዛሬ በልምምድ ላይ አንዱ ከሩቅ መትቶ አገባብኝና «ይቅርታ ጋሼ» አለ። በረኛ ጎል ገብቶበት ይቅርታ ሲባል ምን ይመልሳል? «ምንም አይደል ልጄ» አልኩት።


ዓርብ፣ ጥር 10

አሰልጣኙ ቢሮው አስጠራኝ። እኩያዬ ነው። አንድ ክፍል እያደርን፣ አንድ ሳሙና እየተካፈልን አብረን የተጫወትን ነን። እሱ በጊዜ ተወና ተማረ። ውጭ ስንገናኝ በስሙ ነው የምጠራው፤ ቢሮው ውስጥ ግን «አሰልጣኝ» እለዋለሁ። ሁለታችንም አይመቸንም።

«እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ታውቀዋለህ። ልጁ ደርሷል።»

ልጁ የሚለው ሁለተኛውን በረኛችንን ነው፤ እኛ ቀውላላው ነው የምንለው። ሳይዘል አግዳሚውን ይጨብጣል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጓንቴን ሳልጠይቀው ያጥብልኛል። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ክረምት ተወኝ» አልኩት።

«ለማን ብለህ? ዋንጫ እንደሁ እዚህ ቤት የለም። እኛ የምንጫወተው ላለመውረድ ነው።»

«አባቴ አለ» አልኩት።

ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ዝናብ ስታዲየሙን ባዶ ሲያደርገው አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ነው።

እውነቴንም ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ የሚኖረው ከእሁድ እሁድ ነው። ዓርብ ጫማውን ይወለውላል፤ ቅዳሜ ካፖርቱን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ እሁድ ከእኔ ቀድሞ ለባብሶ በር ላይ ይቆማል። እኔ ብተው ይሄ ሰውዬ እሁድ ምን ሊያደርግ ነው? ግድግዳ ሊያይ ነው? ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ሳታሸንፍ ይህን ያህል ዓመት ምን አስቆየህ ይላሉ። ሰው የሚቆየው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። ይኸው መልሴ። ሌላ መልስ የለኝም።


እሁድ፣ ጥር 12

ከሜዳችን ውጪ። ባዶ ለባዶ! ሦስት ኳስ አዳንኩ፤ አንዷን በፊቴ። አፍንጫዬ ደምቷል፣ ደስ ብሎኛል።

አባዬ በደጋፊዎች አውቶቡስ መጥቶ ነበር። «ዛሬ ፍሬንህ አዲስ ነው» አለኝ።

ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያስል ነበር አሉ። የአውቶቡሱ መስኮት አይዘጋም።


ረቡዕ፣ ጥር 22

ባለቤቴ አባዬን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እኔ ልምምድ ነበረኝ።

ማታ እራት ካቀረበች በኋላ በሩን ገጠም አድርጋ «ሳንባቸው ደክሟል። ልባቸውም እንደዚያው። ብርድ እንዳይነካቸው፣ ደረጃ እንዳይወጡ፣ ብዙ እንዳይሄዱ ብሏል» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስታዲየም ይቅር» አለች።

«ሐኪሙ ስታዲየም ብሏል?»

«ብርድ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ስታዲየም አላለም።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «ንገራቸው» አለች። «አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል።»

እሺ አልኳት። እነግረዋለሁ። ግን ሐኪም ምን ያውቃል? ሐኪም ሳንባ ያያል። ሰውዬው እሁድን ሲያጣ ሳንባው ደህና ቢሆን ምን ይጠቅመዋል?


ቅዳሜ፣ ጥር 25

ነገርኩት።

ካፖርቱን እየቦረሸ ነበር። «አባዬ፣ ነገ ብርድ ነው። ከፈለግህ ቤት ብትሆንስ?» አልኩት።

ብሩሹን አቆመ። «ለምን? አትጫወትም እንዴ?»

«እጫወታለሁ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለና መቦረሹን ቀጠለ።

ወጥቼ ለባለቤቴ «አየሽ? ያለዚህ መኖር አይችልም» አልኳት። ልብሱን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ «ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?» አለች። ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና መኪናዋን በእግሯ መርገጥ ጀመረች። የባሰ ነገር ብትናገረኝ ይሻል ነበር።


እሁድ፣ ጥር 26

ተሸነፍን። ሦስት ለባዶ። መጻፍ አልፈልግም።


ሐሙስ፣ ጥር 30

ጓሮ ካልሲ ሳሰጣ አባዬና ባለቤቴ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። እሷ «ለራስዎም ይዘኑ እንጂ፣ አባባ» ትላለች። እሱም «እሱ ሲተው እኔም አርፋለሁ» አላት።

ምኑን እንደምተው እንጃ። ሲጋራ አላጨስም፣ መጠጥ አልቀምስም። ስለ መድኃኒቱ ይሆናል የሚያወሩት፤ ወይም ስለ ሌላ ሰው። የስፌት መኪናው እየተንኳኳ በደንብ አልሰማሁም።


እሁድ፣ የካቲት 3

አንድ ለአንድ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነን።

ሁለተኛውን አጋማሽ አባዬ ወደ እኔ ጫፍ አልመጣም። መንገዱን ጀምሮ መሃል ላይ፣ በጎን በኩል ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሲያስጨንቀኝ ዋለ፤ ዓይኔ ከኳሷ ይልቅ እሱን ይፈልጋል። በኋላ ስጠይቀው «ከዚያ በደንብ ይታያል» አለኝ።

እውነት ነው፤ ከዚያ በደንብ ይታያል።


ዓርብ፣ የካቲት 8

አሰልጣኙ፦ «እሁድ ልጁ ነው የሚቆመው። አንተ ተጠባባቂ ነህ።»

ቢሮው ውስጥ ስላልነበርን በስሙ ጠርቼ «እሺ» አልኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ያቺ እጅ ከንግግሩ ይልቅ ከበደችኝ።

ቀውላላው መልበሻ ክፍል ውስጥ ሊያየኝ አልቻለም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጠየቅሁም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። የግራ ምሰሶው ሥር መሬቱ እንደሚያንሸራትት ነገርኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ለአባዬ ዛሬ እነግረዋለሁ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9

አልነገርኩትም። ካፖርቱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ እሱ ከሥሩ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ጫማውን ወልውሎ ጨርሷል። «ነገ ከማን ጋር ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እነዚያ ረጃጅሞቹ?» አለ። አዎ አልኩት።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅ ለአባቱ «ከሥራ ወጣሁ» እንደሚለው ሆነብኝ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።


እሁድ፣ የካቲት 10

አልነገርኩትም።

ጠዋት ቡድኑ ቀድሞ ስለሚሰበሰብ ወጣሁ። በር ላይ ለባብሶ ቆሞ ነበር፤ «ቀድመህ ሂድ፣ እደርሳለሁ» አለኝ። «እሺ አባዬ» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ሰው ሆኜ ተፈጥሬ፣ አፍ ተሰጥቶኝ፣ «እሺ አባዬ» አልኩ።

ጨዋታው ሲጀምር እኔ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ እግሬ ላይ ጥዬ ተቀምጫለሁ። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ከመረቡ ጀርባ ነው። ቀውላላው ወደ ጎሉ ሲገባ አባዬ ተነሥቶ አጥሩን ያዘ። ልጁን አየው። ከዚያ ሜዳ ላይ ያሉትን አንድ ባንድ በዓይኑ ፈተሸ። የታመምኩ፣ የተጎዳሁ መስሎት ይሆናል። እጄን ላነሣለት ፈልጌ ነበር፤ አሰልጣኙ አጠገቤ ስለነበር አፈርኩ።

በመጨረሻ አየኝ። ዕረፍት ሰዓት አልጠበቀም፤ ያኔውኑ መስመሩን ጀመረ። ሲሄድ ይቆማል፣ አጥሩን ይይዛል፣ ደግሞ ይሄዳል። ዝናቡ ሲጀምር ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ሥር ሲሮጥ እሱ በተቃራኒው መጣና ከተጠባባቂዎች ወንበር ጀርባ፣ ጣሪያ በሌለው በኩል ተቀመጠ። ጋዜጣ ራሱ ላይ ዘረጋ። ጋዜጣው ወዲያው ራሰና ፊቱ ላይ ተለጠፈ።

ዞሬ «አባዬ፣ ተጠለል!» አልኩት።

«ደህና ነኝ። ወደ ሜዳው እይ» አለኝ።

ወደ ሜዳው አየሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ ወደ ሜዳው አየሁ፤ ከኋላዬ ሲያስል እየሰማሁ። ተነሥቼ ይዤው መሄድ እችል ነበር፤ ተጠባባቂ ነኝ፣ ማን ይፈልገኛል? ግን ምናልባት ልጁ ይጎዳ ይሆናል፣ ምናልባት እገባ ይሆናል አልኩ። ይህን ያልኩት በልቤ ነው። አሁን ስጽፈው እጄ ይጠላኛል።

አንድ ለባዶ አሸነፍን። ልጁ ግሩም ነበር። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ አባዬን ካፖርቱን አውልቃ በፎጣ ጠቀለለችው፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

«ለምን ወደ እኔ መጣህ? እዚያው አትሆንም?» አልኩት።

ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እዚያማ የማላውቀው ልጅ ነው ያለው» አለኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ትኩሳት። ሌሊቱን አልተኛም። ሐኪም ቤት ወሰድነው። አስተኙት። የሳንባ ምች ነው አሉ።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

ከልምምድ ስመጣ የጥየቃ ሰዓት አልፏል። የሐኪም ቤቱ በር ላይ የቆመው ሰው በክንዱ ከለከለኝ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። የአባዬን ክፍል ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«የሾፌሩ ልጅ ነህ? በረኛው?»

«አዎ።»

«እንዲያ አትልም እንዴ! አባትህ ጠዋት ሲነግሩኝ ነበር። ግባ፣ ግባ፤ እኛ በረኞች ካልተረዳዳን ማን ይረዳናል? የት ነው የምትሠራው?»

«ስታዲየም።»

«ውይ፣ እዚያ ደግሞ ግፊያው! ቀን ነው ማታ?»

«እሁድ እሁድ ነው።»

«በሳምንት አንድ ቀን? አንተማ ታድለሃል» አለና በሩን ከፈተልኝ።

ለአባዬ ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ቆየ። «ምን ዋሸሁ? ልጄ በረኛ ነው፣ ማንንም አያስገባም ነው ያልኩት» አለ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ «አንዳንዴ ነው የሚያስገባው» ብሎ ጨመረ። ሁለታችንም ሳቅን። እጁን ያዝኩ። ድሮ መሪ የሚያዞር ክንድ ነበር፤ አሁን ቆዳው በአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል።


እሁድ፣ የካቲት 17

ተጠባባቂ። አሸነፍን። ልጁ በድጋሚ ጎል አልገባበትም።

ከጨዋታው በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኦክስጂን አድርገውለታል። ስለ ጨዋታው ስነግረው እያዳመጠ ቆየና ጭንብሉን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ፦

«እኔ የምልህ፤ ያ ዳር ላይ ሆኖ ባንዲራ የሚያነሣው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ረዳት ዳኛው? ከጨዋታ ውጪ ሲሆን ነዋ።»

«ከጨዋታ ውጪ ምን ማለት ነው?»

ሳቅሁ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን መልሱን እየጠበቀ ነው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ አንድም ጨዋታ ያልቀረ ሰው! ትኩሳቱ ነው፤ ያዘባርቀዋል። በጣቴ ብርድ ልብሱ ላይ እየሳልኩ አስረዳሁት። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። «ከባድ ነው እኮ።» ትንሽ ቆይቶ «ቀጣዩ እሁድ ትገባለህ?» አለኝ።

«አላውቅም አባዬ። ልጁ ጥሩ ይዟል።»

የሆነ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። ያዘነልኝ ይመስለኛል። ወይም ዐረፈ። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ነርሷ ከመውጣቴ በፊት «ቶሎ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ።


ረቡዕ፣ የካቲት 20

ጠዋት አሰልጣኙ ደውሎ «ዛሬ አትምጣ፣ አባትህ ጋ ሁን። ቀለል ያለ ልምምድ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት።

ሄድኩ። ወደ ልምምድ። አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ። ከቀረሁ ቦታዬ ጨርሶ እንዳይረሳ ብዬ።

ባለቤቴ አጠገቡ ነበረች። ከሜዳ ስወጣ ስልኬ ላይ ስሟ ተደርድሮ አገኘሁት።

የሐኪም ቤቱ በር ላይ ያ በረኛ ቆሞ ነበር። አላናገረኝም፤ ኮፍያውን አወለቀ።


ዓርብ፣ የካቲት 22

ቀበርነው።


እሁድ፣ መጋቢት 1

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌሮች መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስለ አባዬ የሚያወሩት ስለ መንገድና ስለ ጎማ ነው። ስለ ኳስ ያነሣ የለም። አንደኛው ሽማግሌ «እሁድ እሁድ ለምን እንደማይመጣ ስንጠይቀው ልጄ ጋ ሥራ አለኝ ይለን ነበር» አለኝ። «ምን ነበር ሥራው?»

ለሰሚው ግራ ነው። አላውቅም አልኩት።

ቀውላላው ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ሲሰናበተኝ «ጋሼ» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

እንግዳው ሲያልቅ ባለቤቴ የአባዬን ልብስ ስታጣጥፍ ተናገረች። እስካሁን የቻለችው ለለቅሶው ብላ ነበር።

«አባባ ኳስ አይወዱም ነበር» አለች።

«ምን ትያለሽ አንቺ?»

«አይወዱም ነበር። ጩኸቱ ራሳቸውን ያማቸዋል። ስድቡ ያማቸዋል። አንድ ቀን፣ ይቅርብዎ፣ ምን አስጨነቀዎ ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? እኔ ከቀረሁ ከኋላው ማን አለው? የሚሰድቡት ብቻ ናቸው አሉኝ።»

ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንቴ ልንገርህ?» እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ ጣለችው። «ለአንተ ስነግርህ እሱ እንዳይከፋው ትላለህ። ለእሳቸው ስነግር እሱ እንዳይከፋው ይላሉ። አንዱ ለአንዱ ብሎ ይሞታል፤ እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ክር አስገባለሁ። አንድ ቃል ነበር የቀረችህ። ተውኩት ብትላቸው በማግሥቱ ካፖርታቸውን ሰቅለው ያርፉ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። አባዬ በሕይወት ሳለ ከእኔ ይልቅ ለእሷ አባት ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ ይለይላት፣ ክር ይጠቀልልላት ነበር።

ስትረጋጋ «አሁንስ በቃህ?» አለችኝ።

«በቃኝ» አልኳት።


ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ሳልጽፍ ቆየሁ። ልምምድ እሄዳለሁ። ውሉ እስኪያልቅ ነው፤ እሷም ታውቃለች።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ይህ ደብተር አይመልስልኝም ተብዬ አይደል።

ያን ቀን ጓሮ ካልሲ ሳሰጣ መኪናው አልተንኳኳም። ባለቤቴ መርፌ እየለወጠች ነበር፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። «እሱ ሲተው እኔም አርፋለሁ» ሲል እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ገብቶኝም ነበር። ገብቶኝ ካልሲዬን አሰጣሁ፤ ማታ ደግሞ ቁጭ ብዬ አልሰማሁም ብዬ ጻፍኩ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ ዋሸሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ይላሉ፤ እኔ ከራሴ በላይ አባቴ አለ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ለእሱ ብዬ ነው አልኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ አሁን ማን ይነግረኛል?


እሁድ፣ ሚያዝያ 13

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ። ከመውረድ ተርፈናል፤ የሚያጓጓ ነገር የለውም። ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ ነው። ዕረፍት ሊደርስ ሲል ቀውላላው ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ተሸክመው አወጡት። አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። ጓንቴን አጠለቅሁ።

ብዙ ሥራ አልነበረኝም። ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ሰው ነክታ አቅጣጫ ቀየረች። እኔ ወደ ቀኝ ሄጄአለሁ፤ ኳሷ ወደ ግራ ናት። አልቆልኝ ነበር። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ እንዴት እንደተሸከመኝ አላውቅም። አየር ላይ ሆኜ ክንዴን ወረወርኩ፤ ኳሷ መዳፌን መታችና አግዳሚውን ዘላ ወጣች።

ደስ አለኝ።

ሣሩ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ አፌ አፈር ሞልቶ፣ ደስ አለኝ። እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። ልጆቹ መጥተው ራሴን መቱኝ፣ «ጋሼ! ጋሼ!» እያሉ። ጮህኩ። አባቴን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። ሐዘን ላይ ነኝ። ከመረቡ ጀርባ ማንም የለም፤ ማንም እንደሌለ እንኳ ትዝ አላለኝም። ዞር ብዬ አላየሁም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ለማንም ምንም አልፈየደም።

መልበሻ ክፍል ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ነው የገባኝ። ለዚህ ነበር። ለአባዬ አልነበረም፣ ለዋንጫም አልነበረም። አባዬ ኖረም አልኖረም፣ ሰው አየ አላየ፣ ያቺ ኳስ መዳፌን ስትመታ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህ ነበር። አባቴን ዝናብ ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነበር። ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ልጆቹ የደስታ መስሏቸው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ሁሉም ሲወጡ አሰልጣኙ በሩን ተደግፎ ቆመ። የልጁ እግር ተሰብሯል፣ ከዓመቱ አጋማሽ በፊት አይመለስም አለኝ። እንደ ድሮው በቁልምጫ ስሜ ጠርቶኝ «ለከርሞስ?» አለ።

ባለቤቴን አሰብኩ። በቃኝ ያልኳትን አሰብኩ። በዚህ ሰሞን ለሰላምታ እንኳ አፌን ለማላቀቅ እታገላለሁ።

«አለሁ» አልኩት። ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቃል እንዲህ ቀልሎ ከአፌ አልወጣም።